የእናቴ አቮካዶ ከጫፉ እየደረቀ ነው፤ ከመቆረጡ በፊት መንስኤውን ማወቅ እፈልጋለሁ

የጓሮ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የዛፍ ነገር የሚገባችሁ እርዱኝ።

ጓሯችን ውስጥ እናቴ የተከለችው አቮካዶ አለ። ከችግኝ ጣቢያ ያመጣችው የተዳቀለ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ሲያበላ ኖሯል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መልኩ ተለውጧል። አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ትንንሽና የገረጣ ነው። ዱሮ ከሥሩ ሲቆሙ ጥላው ድፍን ነበር። አሁን ሳስቶ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የላይኞቹ ቅርንጫፎች ጫፋቸው ደርቆ ባዶ ቀርቷል። ቀን ቀን ቅጠሉ ይጠወልጋል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ አፈሩ እርጥብ ነው፤ እሱ ነው ግራ ያጋባኝ። ፍሬው ደግሞ ዘንድሮ ከወትሮው በዝቷል፣ ግን ደቃቅ ነው። ግንዱ ላይ አንድ ቦታ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ወጥቷል።

ግማሹ ሰው ዩሪያ ጨምሩበት ይላል። ግማሹ ውኃ ጠምቶት ነው ይላል። ጎረቤታችን ዓይን በልቶት ነው አሉ። እናቴ ተስፋ ቆርጣ «ይቆረጥና ቡና ልትከልበት» ብላለች። እኔ ግን ምን እንደነካው ሳናውቅ መቁረጡ አልዋጥልኝ አለ። ምን ልይ? ከየት ልጀምር?

ዳሞቴው (ቡሬ)

እህቴ፣ ቅጠል ከገረጣ የማዳበሪያ ነገር ነው። የእኛም እንዲህ ሆኖ ፍግና ትንሽ ዩሪያ ስንሰጠው ተመልሷል። ጊዜ ሳትሰጪው ሞክሪ።

ፋግታ (አዊ)

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። በእኛ አካባቢ ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ በሽታ ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ። ዝገት የመሰለ በሽታ ገብቶ የስንቱ ከሰል አምራች ቤት ተናጋ። መጀመሪያ ቅጠሉ ነው የታመመው፣ ከዚያ ዛፉ ቁሞ ደረቀ። ያ ነገር ወደ ፍራፍሬ ተሻግሮ እንዳይሆን። የምታውቁ ካላችሁ ተናገሩ።

ቅጠልና ሥር (ባሕር ዳር)

የጓሮ ልጅ፣ ምልክቱን አሳምረሽ ነው የገለጽሽው። የምሠራው ዕፅዋት ጥበቃ ላይ ነውና የማስበውን ልጻፍ።

በመጀመሪያ የፋግታን ስጋት ላንሳ። የዲከረንሱ ዝገት ወደ አቮካዶ አይሻገርም። የዝገት በሽታዎች በጣም መራጭ ናቸው፣ ከሚያውቁት የዛፍ ወገን አይወጡም። ያኛው ቡናማና ቀይ የዝገት ዱቄት ያሳያል፣ ቅጠሉንና ቀንበጡንም ያበላሻል። እዚህ እንዲህ ያለ ምልክት አልተጻፈም።

ዩሪያውን ደግሞ ለጊዜው ተዉት። ዳሞቴው ወንድሜ፣ ያንተን ዛፍ ናይትሮጅን አጥሮት ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም። ነገር ግን የናይትሮጅን እጥረት ቀድሞ የሚታየው አሮጌው ቅጠል ላይ ነው። ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል ናይትሮጅኑን እየሳበ ለአዲሱ ይሰጣል። እሷ የነገረችን የገረጣው አዲሱ ቅጠል መሆኑን ነው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቢቀር የብረት እጥረት እንል ነበር። እሱ ደግሞ የሚበዛው ኖራማ አፈር ላይ ነው። የቡሬና የአዊ አካባቢ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ እየገዛ የሚበትነውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የሲሚንቶ ፍርስራሽ ካልተደፋ በቀር ብረትን አልጠረጥርም።

ዋናው ፍንጭ አንቺን ግራ ያጋባሽ ነገር ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ዛፉ ውኃ አላጣም። ውኃውን የሚስበው ሥር ነው የታመመው። ትንንሽ ቅጠል፣ የሳሳ ጥላ፣ ከጫፍ የሚጀምር መድረቅ፣ የበዛ ግን ደቃቅ ፍሬ፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ዓይኔን ከቅርንጫፉ አንስቼ ወደ መሬት ነው የምመልሰው።

ነጩ ዱቄት አያስደንግጥሽ። አቮካዶ ሲቆስል ስኳር ያለው ፈሳሽ ያወጣል፣ ያ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ራሱ በሽታ አይደለም። ግን እዚያ ቦታ ቁስል አለ ማለት ስለሆነ በቢላ ጫፍ ቅርፊቱን በስሱ ፋቅ አድርገሽ እዪ። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ወይም ክሬም ከሆነ ደህና ነው። ቡናማና የሚሸት ከሆነ ቁስሉ ወደ ውስጥ ገብቷል።

አሁን እነዚህን መልሺልኝ። ዛፉ አጠገብ ባለፉት ዓመታት ግንባታ ነበር? አፈር ተቆልሏል? የልብስና የዕቃ እጣቢ የት ነው የሚደፋው? የጣራው ውኃስ? ግንዱ መሬት ሲነካ ሰፋ ይላል ወይስ ቀጥ ብሎ ይገባል?

እናት ዓለም (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ስለ እጣቢው የጠየቀው ልጅ ልክ ነው። እኛ ቤት ለድግስ የተጠመቀ ጠላ አተላው የት ይደፋ? ዛፍ ሥር። የኦሞ ውኃስ? ዛፍ ሥር። «ይጠጣው» እያልን። የሎሚ ዛፋችን በዚያ ነው የሄደ። አቮካዶ ደግሞ ከሎሚ ይልቅ ስስ ነው። እዚህ ማርቆስ ብርዱም ስላለ እንደናንተ አገር አይሆንልንም፣ ጎረቤት ሞክሮ አልያዘለትም። እናትሽን በርቺ በያት፣ ያሳደጉትን ዛፍ መቁረጥ ይከብዳል።

ቅጠልና ሥር (ባሕር ዳር)

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትልቅ ነገር ነው ያነሱት። የልብስ ሳሙና ዱቄት ጨው አለበት። አቮካዶ ከፍራፍሬ ሁሉ ጨው ከማይችሉት አንዱ ነው። በጨው ሲጎዳ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዙ እንደተለበለበ ቡናማ ይሆናል፣ መካከሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የጓሮ ልጅ፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ንገሪኝ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። የእኛ ማንጎ ቅጠል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ በዝቷል፣ ፍሬውም ላይ ሮዝ የመሰለ ምልክት አለ። ይህም ከሥር ነው?

ቅጠልና ሥር (ባሕር ዳር)

ጣና ዳር፣ አይደለም። ከአገላለጽህ የማንጎ ነጭ ስኬል የሚባለው ተባይ ይመስላል። በአገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ላይ ነው መጀመሪያ የተመዘገበው፣ ከዚያ ወዲህ ሰፊ ቦታ ይዟል። በጥፍርህ ነጩን ፋቅ አድርገው። ተነሥቶ ከሥሩ ጥቃቅን ነፍሳት ከታዩ እሱ ነው። መካከሉን የሳሳ አድርገህ ግረዘው፣ በጣም የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቁረጥና አቃጥል። ለዚህ የራሱን ጥያቄ ክፈትለት፣ እመጣለሁ።

የጓሮ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ። እናት ዓለም፣ ምክርዎን ለእናቴ አንብቤላት ደስ ብሏታል።

መልሴ ይኸው። አጥር ሲሠራ ለመሠረት የተቆፈረው አፈር በሙሉ ዛፉ ሥር ተቆልሎ ነበር። ሠራተኞቹ እዚያው ደልድለውት ሄዱ። ግንዱ አሁን እንደ መብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነው መሬት የሚገባው፣ ምንም አይሰፋም። አጥሩ ከተሠራ ወዲህ የዝናቡ ውኃ መውጫ አጥቶ ጥግ ላይ ይተኛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃው ዛፉ ድረስ ይመጣል። እጣቢ ግን እዚያ አንደፋም፤ የቅጠሉም ጫፍ አልተቃጠለም። ነጩን ዱቄት ፋቅ አድርጌ አየሁት፣ ውስጡ ክሬም ነው፣ አይሸትም። የልብስ ገመድ የታሰረበት ምስማር አጠገብ ነው።

ዳሞቴው (ቡሬ)

ምስማር ደግሞ ነገረኛ ነው። አውጪው። ስለ ዩሪያውም የተባለው ገብቶኛል፣ ነገሩ ሌላ ነው።

ቅጠልና ሥር (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ይህ መልስ ግማሹን መንገድ አስኬደን።

የግንዱ እግር ተቀብሯል። ጤነኛ ዛፍ መሬት ሲነካ ይሰፋል፣ ሥሮቹ ወደ ጎን ሲነሡ ይታያል። ቀጥ ብሎ ከገባ አፈር ከፍ ብሎበታል ማለት ነው። ያ የግንድ ቅርፊት አየር ላይ እንዲኖር እንጂ እርጥብ አፈር ውስጥ እንዲኖር አልተፈጠረም። ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። የአቮካዶ ውኃ ሳቢ ሥር ደግሞ ጥልቅ አይወርድም። አብዛኛው ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው፣ እሱም አየር ይፈልጋል። በላዩ ሌላ አፈር ሲጫንበትና ውኃ ሲተኛበት ይታፈናል።

በዚህ ላይ ዋናው የአቮካዶ ጠላት ይመጣል። ፊቶፍቶራ ሲናሞሚ ይባላል። በየአገሩ አቮካዶ የሚያመርት ሁሉ የሚፈራው የሥር አበስባሽ ነው። ድንች የምታመርቱ፣ ክረምት ላይ ድንቹን በአንድ ሳምንት የሚያጠቁረውን ዋግ ታውቁታላችሁ። የዚያ የቅርብ ዘመዱ ነው። ዘሩ ጭራ አለው፣ አፈር ውስጥ ባለ ውኃ ላይ ይዋኛል። ውኃ በተኛበት ሁሉ ለእሱ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ግን እስካሁን ሥሩን አላየንም። ሳናይ ስም አንስጠው። እንዲህ አድርጊ። የዛፉ ጥላ ጠርዝ ላይ፣ ከግንዱ ራቅ ብለሽ፣ በትንሽ ዶማ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በስሱ ቆፍሪ። ከአንድ ቦታ በላይ እዪ። እንደ እርሳስ የወፈረውን ሳይሆን እንደ ክር የቀጠነውን ሥር ፈልጊ። ነጭ ወይም ክሬም ሆኖ የሚለመጥ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጠቁሮ ሲነኩት የሚሰበር ከሆነ በስብሷል። ጭራሽ ከጠፋም እሱ ራሱ መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ ግንዱ ዙሪያ የተቆለለውን አፈር በእጅና በትንሽ መኮትኮቻ ቀስ ብለሽ አንሺ። በዶማ አትምቺ፣ ቅርፊቱ ይቆስላል። ዋናዎቹ ሥሮች ወደ ጎን ሲነሡ እስኪታዩ ድረስ ሂጂ። እግረ መንገድሽን የችግኝ ላስቲክ ካለ እዪ። ላስቲኩ ሳይወጣ የተተከለ ዛፍ እዚህ አገር ብዙ ነው። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ ግንዱን ራሱን ያንቀዋል።

ሦስተኛ፣ ከዛፉ ሦስት አራት እርምጃ ርቀሽ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረሽ ውኃ ሙዪው። ከጠጣው በኋላ እንደገና ሙዪው። በማግሥቱ ውኃው እዚያው ካለ አፈሩ አይስብም።

ፋግታ (አዊ)

ሪዶሚል ቢፈስበትስ? ለድንች የምንረጨው። ዘመዱ ነው ካልክ ሊሠራ ይገባል።

ቅጠልና ሥር (ባሕር ዳር)

ፋግታ፣ ጥያቄህ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል ለዚህ ወገን የተሠራ ነው። ግን ውኃው እየተኛ መድኃኒት ማፍሰስ ገንዘብ መድፋት ነው። የሚበላ ፍሬ ያለበት ዛፍ ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ጓሮ ውስጥ፣ ለድንች የተጻፈ መጠን ይዞ ማፍሰስም አደጋ አለው። በሌሎች አገሮች በብዛት የሚጠቀሙት ፎስፎኔት የሚባለውን ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ግንዱን በስተው በመርፌ ይሰጡታል። እሱም ቢሆን ዛፉ ራሱን እንዲከላከል ያግዘዋል እንጂ በሽታውን ከአፈሩ አያጠፋም። ውኃው ይቅደም፣ መድኃኒቱን ባለሙያ አይቶ ይዘዘው።

የጓሮ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ቆፈርኩ። ታናሽ ወንድሜም አገዘኝ።

ጥግ በኩል፣ ውኃው የሚተኛበት ጎን፣ ቀጭን ሥር የለም ማለት ይቀላል። ያገኘነውም ጥቁር ነው፣ በጣት ሲያዝ ይሰበራል። ከቤቱ በኩል ባለው ከፍ ያለ ጎን ግን ነጭ ሥር አለ፣ ብዙ ነው። ስናስተውል የደረቁት ቅርንጫፎችም ያዘነበሉት ወደ ጥግ በኩል ነው!

ግንዱ ዙሪያ ያለው አፈር ሲነሣ የክንድ ያህል ወረደ። ከሥር ያለው ቅርፊት ረጥቧል፣ አንድ ጎኑ ላይ ለስልሷል፣ ሌላው ደህና ነው። ላስቲክ የለም፤ እናቴ ስትተክል ማውጣቷን እርግጠኛ ነበረች፣ እውነቷን ነው። ምስጥ ግን አለ። የውኃ መፈተሻው ጉድጓድ ደግሞ ጥግ በኩል በማግሥቱም ውኃ ነበረው፣ ቤቱ በኩል ያለው ደርቋል።

ይድናል?

እናት ዓለም (ደብረ ማርቆስ)

ነጭ ሥር ካለ ነፍስ አለ ማለት ነው ልጄ። አትቁረጡት።

ቅጠልና ሥር (ባሕር ዳር)

እኔም ከእናታችን ጋር ነኝ። ግማሽ ሥሩ ደህና ከሆነ ዕድል አለው። እንደማይድን የምናገረው በዙሪያው ሁሉ ነጭ ሥር ብናጣ ነበር።

ምስጡን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሞተውን እንጨት ተከትሎ ነው የሚመጣው። የደረቀውንና የበሰበሰውን ስታነሡለት ምክንያቱ ይቀንሳል። ምስጡን ዋና ጥፋተኛ አድርጋችሁ እሱ ላይ አትዋሉ።

አሁን የሚሠራው ይኸው ነው። የተነሣው አፈር አይመለስ፣ የግንዱ እግር አየር ያግኝ። ከጥግ በኩል ቦይ ቆፍራችሁ ውኃው በአጥሩ ሥር እንዲወጣ መንገድ ስጡት። ከዛፉ ራቅ ብሎ ይቆፈር፣ የቀረውን ሥር እንዳትቆርጡ። ይህ ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት ካልተሠራ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው። ሥሩ ላይ ጉዝጓዝ አድርጉ። የተከተፈ እንጨትና የደረቀ ቅጠል ከሁሉ ይሻላል፣ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል። ግንዱን እንዳይነካ አንድ ክንድ አርቁት። ሻካራ እንጨት ሲበሰብስ በሽታውን የሚቃወሙ ጥቃቅን ነፍሳት ይራቡበታል። ያልበሰለ ፍግ ግን አይሁን።

ፍሬውን በሙሉ አውርዱት። ይህ እናትሽን ሊያሳዝናት ይችላል። ግን የታመመ ዛፍ ያንን ሁሉ ፍሬ ሲሸከም የቀረ ጉልበቱን ይጨርሳል። ደረቅ ቅርንጫፉን አሁን በችኮላ አትመልምሉት። አዲስ ቅጠል የት ድረስ እንደሚያወጣ ይታይ፣ ከዚያ በላይ ያለው ይቆረጣል። ጥላ ያጣውን ቅርንጫፍ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ነጭ የውኃ ቀለም በውኃ እኩል አቅጥናችሁ ቀቡት። ውኃ በበጋው ስታጠጡ ከጥቂቱ ደጋግሙ፣ አፈሩን በእጅ ዳስሳችሁ።

ዳሞቴው (ቡሬ)

በሽታው እሱ ራሱ መሆኑን በምን እናረጋግጥ? የእኔም ጓሮ አቮካዶ አለ፣ ፈርቻለሁ።

ቅጠልና ሥር (ባሕር ዳር)

በዓይን ብቻ አይረጋገጥም። ውኃ ተኝቶበት የታፈነ ሥርም ይጠቁራል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ መፈተሻ አለ። ከጥቁሩ ሥር አጠገብ ያለውን እርጥብ አፈር ከነሥሩ ሰፋ ባለ ዕቃ ውስጥ አድርጉና ውኃ ጨምሩበት። ያልበሰለ፣ ጠንካራ፣ ቁስል የሌለው የአቮካዶ ፍሬ ግማሽ ጎኑ ውኃው ውስጥ እንዲሆን አስቀምጡ። ሌላ ፍሬ ደግሞ በንጹሕ ውኃ ብቻ በሌላ ዕቃ ይሁን። ጥቂት ቀን ጠብቁ። አፈር ያለበት ፍሬ ውኃው በደረሰበት መስመር ላይ ጠንከር ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣና ንጹሑ ደህና ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ተመራማሪዎችም ይህን በሽታ ከአፈር ሲያጠምዱ የኖሩት በፍሬ ነው። ሌሎች አበስባሾችም ፍሬ ያበላሻሉና የመጨረሻ ማስረጃ አታድርጉት።

የመጨረሻው ቃል የላቦራቶሪ ነው። መጀመሪያ የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ዘንዘልማ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅም አለ። ናሙናው ሲወሰድ ከሞተው ሳይሆን ከታመመውና ከጤነኛው ድንበር ላይ ይሁን። ሥሩ ከአፈሩ ጋር በላስቲክ ይታሰር፣ ፀሐይ አይንካው፣ አይድረቅ፣ ቶሎ ይድረስ። የደረቀ ሥር ይዞ ሄዶ «ምንም አልተገኘም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው።

የጓሮ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

እናቴ ፍሬውን ለማውረድ ተስማምታለች። ትንሽ አዝናለች፣ ግን «ዛፉ ከዳነ ፍሬው ይመጣል» ብላለች። ቦዩን ወንድሜና የጎረቤት ልጆች ዛሬ ጀምረውታል። ከአጥሩ ሥር አንድ ብሎኬት አንሥተን መውጫ አበጀንለት። ምስማሩም ወጥቷል። ናሙናውን ወረዳ ጠይቄ እልካለሁ፣ ውጤቱንም እዚሁ እጽፋለሁ።

አንድ ጥያቄ ከእናቴ። ያሰበችውን ቡና ጥግ በኩል ብትተክልስ? ቦይ ከወጣ በኋላ?

ቅጠልና ሥር (ባሕር ዳር)

እናትሽን እግዜር ያበርታት። ጥጉን የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ምንም አትትከልበት። ቡናውን ከቤቱ በኩል፣ ከፍ ባለው ላይ፣ ከአቮካዶው ሥር ውጭ ታድርገው። በሽታው ከተረጋገጠ እዚያ ጥግ ላይ አቮካዶ አይተካም፤ በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ውኃው በደንብ መውጣቱ ከታየ ሎሚ ወይም ብርቱካን ይሻላል፣ እነሱን ይህኛው በሽታ አይጥላቸውም።

ቦይ የሚቆፍሩት ልጆች ዶማና አካፋቸውን፣ ጫማቸውንም ጭምር፣ አፈሩን አራግፈውና አጥበው ይውጡ። ዳሞቴው፣ ለአንተም ነው የምለው፤ በሽታው ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሄደው በዚያ ጭቃ ነው። ችግኝ ስትገዛም ላስቲኩን ከፈት አድርገህ ሥሩን ሳታይ አትቀበል። ቦዩ ደግሞ ከጎረቤት አቮካዶ ሥር እንዳይፈስስ፣ ወደ መንገዱ አውጡት።

ዳሞቴው (ቡሬ)

ነገ ጠዋት የእኔን ግንድ እግር አያለሁ። እናመሰግናለን።